ሳንቃበር መንገድ ላይ ጭላዳዋ ከቁብ አልቆጠረችኝም

የቀበና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው እያልኩ ያሳደርኩት ነገር ነው። ትናንት ማታ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ጎብኚ ሰሜን ተራሮች ላይ ቁጭ ብሎ ለጭላዳ ዝንጀሮ ሙዝ ይሰጣል። ዙሪያው ያሉት ሰዎች ያጨበጭባሉ። “ተው” የሚል አንድም ሰው የለም። እንቅልፍ ነሳኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

እኔ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያ ትልቁ የፓርኩ ቃጠሎ ከመነሳቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ላይ መግቢያ ከፍለን፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዘን ወደ ሳንቃበር ወጣን። ቡይት ራስ ጋ መኪናው ቆመ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሜዳው ቡናማ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ በግ መስሎኝ ነበር። ሦስት አራት መቶ የሚሆን የጭላዳ መንጋ ነው።

አስጎብኚያችን “እናንተ አትጠጓቸው፣ አንድ ቦታ ቁጭ በሉና ዝም በሉ፣ መንገዳቸው ከሆነ ራሳቸው ይመጣሉ” አለን። ቁጭ አልን። መጀመሪያ የገባኝ ድምፁ ነው። ሳር ሲነጭ ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ ከመቶ አቅጣጫ። ከዚያ ደግሞ የራሳቸው ወሬ አለ። ሴቶች ቡና ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጨዋወቱ ከጓዳ እንደሚሰማው ዓይነት ነው፣ አይቆምም፣ ግን አይጮህም።

አንዲት እናት ጥቁር ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ እየተንፏቀቀች መጣች። ብድግ ብላ አይደለም የምትሄደው፣ በመቀመጫዋ ነው። ጣቶቿን ብታዩ! እናቴ ምስር ስትለቅም እንደዚያ ነው የምታደርገው። አንድ አንድ ሰበዝ ሳር ትነጭና መዳፏ ውስጥ ታጠራቅማለች፣ እፍኝ ሲሞላላት ወደ አፏ። እጆቿ እኩል ነው የሚሠሩት፣ ሁለቱም። ቀስ እያለች እግሬ ስር ደረሰች። ከጫማዬ ጎን የበቀለች ሳር ነበረች፣ እሷን ነጨች። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ጫማዬን እንደ ድንጋይ ዞራው አለፈች። ግልገሉ ብቻ አንዴ አፍጥጦ አየኝ።

እስከዛሬ የማስበው ይሄን ነው። ሰው ሁሉ “አይፈሩም፣ ሰው ይወዳሉ” ይላል። አይወዱንም። ከቁብ አይቆጥሩንም። ከእኛ የሚፈልጉት ምንም የለም፣ ምግባቸው ሳር ነው፣ ሳሩ ደግሞ መሬቱ ላይ አለ። ያን ቀን እዚያ መሃል መቀመጥ የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሙዝ የሰጠው ሰውዬ የሚያበላሸው ይሄን ነው። አንዴ ከሰው እጅ የሚገኝ ነገር አለ ብለው ካወቁ በኋላ እኔን እንደ ድንጋይ አይዞሩኝም፣ ኪሴን ነው የሚያዩት።

የሄዳችሁ ሰዎች ያያችሁትን ጻፉልኝ። የማትስማሙም ጻፉ።


ደባርቄው

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እዚያ መንገድ ላይ አስጎብኚ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። “እንደ ድንጋይ ዞረችኝ” ያልከውን ቃል ከእንግዲህ ለእንግዶቼ እነግራለሁ።

ሰዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጨምር። ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ወደ አፍንጫው ይመልሰዋል። ድዱ ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ጥርሱ በሙሉ ይወጣል። እንግዳው “ሳቀልኝ! ሳቀልኝ!” ብሎ ስልኩን ይዞ ይጠጋል። ሳቅ አይደለም። ቅንድቡን ደግሞ ወደ ኋላ ሲስብ ነጣ ያለው የዓይኑ ቆብ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ ካየህ “በቃህ፣ እዚያው ቁም” እያለህ ነው። ያ ወንድ ክራንቻው ከውሻ ክራንቻ ይበልጣል። ሳር የሚበላ እንስሳ ምን ያደርገዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለሌላ ወንድ ነው። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ከነልጆቻቸው ይዞ ይኖራል፣ ሚስት ያላገኙት ጎረምሶች ደግሞ ተሰብስበው ዳር ዳሩን ይዞራሉ። አንድ ቀን ገጥመው ያሸንፉታል። ስለዚህ ባልየው ቀኑን ሙሉ በጥበቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አንተ ስልክ ይዘህ ሚስቱ አጠገብ ከተገኘህ የሚያይህ በሌላ ዓይን ነው።

ሁለተኛው የመቀመጫ ጉዳይ ነው። በመንጋውና በገደሉ መካከል አትቀመጡ። በጭራሽ። ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ውሻ ወይም ነብር ሲመጣም የሚሮጡት ወደዚያው ነው። ለእነሱ ገደሉ የቤት በር ማለት ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ማንንም ያስጨንቃል። በእናትና በግልገል መሃል መግባትም እንደዚያው ነው።

በ14 ዓመት ውስጥ ጭላዳ እንግዳ ሲነክስ አላየሁም። ጥቂት እንግዶች ግን እንዲነከሱ አጥብቀው ሲሠሩ አይቻለሁ፣ እጄን ዘርግቼ ነው ያስቀረኋቸው።


ሐዋሳዬ

እኔ ሰሜን ሄጄ አላውቅም። ግን የምትሉት ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ሐዋሳ ይምጣ።

ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ልጅ ሆኜ ያደግኩበት ነው። ጦጣዎቹ እኮ ሰው ያሳደጋቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ለውዝ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ብስኩት ያልተሰጣቸው ነገር የለም። አሁን ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ከዛፍ ላይ ትወርዳለች። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሐይቁን እያየች ነበር። ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣለች። ጦጣዋ መጥታ ዚፑን ከፈተችው። ልብ በሉ፣ አልቀደደችውም፣ ከፈተችው። ከውስጥ የልጅ ጁስ ይዛ ወጣች። አክስቴ ልትነጥቃት እጇን ስትዘረጋ ጥፍሯን ሰደደችባት። ክንዷ ላይ እስከዛሬ ምልክቱ አለ።

ጉሬዛ እንኳ፣ ቅጠል በል የሆነው፣ ያ ነጭ ካባ የለበሰ የሚመስለው፣ ከሰው እጅ ለውዝ ሲቀበል አይቻለሁ። ቆንጆ ነው፣ ፎቶው ቆንጆ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከዛፉ ካወረድከው በኋላ መኪና አለ፣ ውሻ አለ፣ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አለ።

አባ ኮዳ፣ ትልቁ ወፍ፣ ሌላ ነው። ዓሣ ገበያው ጋ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃል። ቁመቱ ለሰው ደረት ይደርሳል፣ አይፈራህም፣ ግን አይነጥቅህም። ቆሻሻውን ያነሳል። በእሱ ቅሬታ የለኝም።


የልጆች እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይሄን ሳነብ ሆዴ ተረበሸ። ልናገር።

በ2012 ዓ.ም. ለጥምቀት ከነልጆቼ ጎንደር ነበርኩ። ልጆቹ አገራቸውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከጥምቀት በኋላ ወደ ሰሜን ወጣን። ትንሹ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። አሜሪካ መናፈሻ ውስጥ ሽኮኮ እንኳ በሩቁ ሲያይ የሚጮህ ልጅ፣ ጭላዳዎቹ መሃል ቁጭ ሲል ዝም አለ። እንደዚያ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። አንድ ትንሽዬ ጭላዳ፣ አስጎብኚው ሁለት ሦስት ዓመት ይሆነዋል ያለን፣ ከፊቱ ተቀምጦ ሳር ይነጫል። ልጄም ሳር መንጨት ጀመረ። እንደሱ አድርጎ በሁለት ጣት። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ አንዱ ደስ የሚል ነገር ነው።

ከዚያ እኔ ውሃ ላወጣ ዞር ስል ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ወረወረለት። ጭላዳው አነሳው፣ አሸተተው፣ በላው። አስጎብኚው ሮጦ መጣና ልጁን አነሳው። አልተቆጣውም። ለእኔ ግን ቆጣ ብሎ ነገረኝ። ያኔ ተቀይሜው ነበር። “አንድ ብስኩት ነው እኮ” ብያለሁ። “ልጅ እኮ ነው” ብያለሁ።

አሁን ስታወሩ ስሰማ፣ ያን ቦታ ያበላሸነው እኛ ነን ማለት ነው? እውነቱን ንገሩኝ፣ አትሸፋፍኑልኝ።


ደባርቄው

እህቴ፣ አንድ ብስኩት መንጋ አያበላሽም። ያ አስጎብኚ የተቆጣው ብስኩቱ ከብዶት አይደለም። ከእናንተ በፊት ጠዋት ሌላ መኪና ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ይመጣል። እያንዳንዱ መኪና ውስጥ አንድ ልጅ አለ፣ እያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ አንድ ብስኩት አለ። እኛ የምንቆጥረው እንደዚያ ነው።

የልጅሽ ሳር መንጨት ግን ደስ አለኝ። ብዙ አዋቂ ሰው እዚያ ሄዶ ሳሩን ነክቶ አያውቅም። ስለ አስጎብኚው ደግሞ አትቀየሚው፣ ልጁን አስቀድሞ ማንሳቱ ልክ ነው። ወንዱ ብስኩቱን ሊቀማ ቢመጣ ኖሮ ትንሹ ጭላዳና ልጅሽ እኩል ቁመት ላይ ነው ያሉት።


ባለ ካሜራው

ስለ ጭላዳ ብቻ አታውሩ፣ ስለ ቁራውም አውሩ! ሰሜን ላይ ከሁሉም ደፋሩ እሱ ነው። መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ። ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጪ ብዙም የማይገኝ ወፍ ነው፣ የውጭ ሰዎች እሱን ለማየት ብቻ ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ።

ጨነቅ ካምፕ አድረን ጠዋት ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ወርዷል። አብሳያችን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ሻይ ሊያመጣ ገባ። ቁራው ከአንድ ሜትር ርቀት ቆሞ አንገቱን ጠመም አድርጎ አየኝ። እኔ ካሜራዬን ላነሳ ስል ፌስታሉን በመንቁሩ ጎትቶ ሄደ። ትንሽ ራቅ ብሎ በእግሩ ረገጠውና ቀደደው። እንቁላሉን በአንድ ጉርሻ። ሳቅኩ፣ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ፌስታሉን ራሱን እየቦጨቀ መዋጥ ጀመረ፣ የእንቁላሉ ሽታ ስላለበት መሰለኝ። ሮጬ ላባርረው ስሞክር የቀረውን ይዞ ወደ ገደሉ በረረ። ያ ፎቶ አለኝ፣ እስካሁን የትም አልለጠፍኩትም። ፌስታሉን ድንጋይ ላይ ክፍት ሲቀመጥ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

እዚያው ጨነቅ ግን ዋልያውን አየሁ። ወንድ ነው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ታጥፏል። ከመንገዱ በታች፣ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ቆም ብሎ አየን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ገባ። በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የቀሩት ሁለት መቶ እንኳ የማይሞሉ ነበሩ። ኳስ ሜዳ ላይ “ዋልያዎቹ” እያልን የምንጮህ ሰዎች ስንቶቻችን በዓይናችን አይተነዋል? እኔ 31 ዓመቴ ላይ ነው ያየሁት።


የገበሬ ልጅ

ሁላችሁም ጥሩ ጻፋችሁ። እኔ ከዚያው ከፓርኩ አፋፍ ያለ ቀበሌ ልጅ ነኝ። አሁን ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ሌላውን ጎን ልንገራችሁ።

እስከ 12 ዓመቴ ወንጭፍ ይዤ ነው ያደግኩት። ገብሱ ሲያሽት ትምህርት ቤት መሄድ የለም፣ ማሳ ጥበቃ ነው። ጭላዳው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ከገደሉ ይወጣል፣ አንተ ከዚያ በፊት እዚያ መገኘት አለብህ። እጅህ በብርድ ይደነዝዛል፣ ድንጋይ ለማንሳት እንኳ ያቅትሃል። ግማሽ ሰዓት ከተዘናጋህ አንድ ጥማድ ገብስ አለቀ ማለት ነው። አባቴ የዓመት ቀለባችንን በአንድ ጠዋት አጥቶ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናንተ “አይፈሩም” ትላላችሁ። ያው መንጋ ነው እኮ! እናንተ ጫማ ስር ሳር የሚነጨው መንጋ፣ አባቴን ጋቢውን ለብሶ ዱላ ይዞ ገና በሩቁ ሲያየው ድምፅ ያሰማና ወደ ገደሉ ይነጉዳል። ሰውን ይለያሉ። ማን በምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ካፖርትና ካሜራ ካለው ሰው ድንጋይ አይመጣም፣ ወንጭፍ ከያዘ ልጅ ግን ይመጣል። ድፍረታቸው ለሁሉም ሰው አይደለም፣ ለእናንተ ብቻ ነው።

እና የብስኩቱን ነገር በሌላ በኩል እዩት። የሰው ምግብ የቀመሰ ጭላዳ ፎቶ አንስታችሁ ስትሄዱ አብሯችሁ አይሄድም። እዚያው ነው የሚቀረው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ነገ እናቴ ያሰጣችው ብቅል ላይ ይመጣል። ያኔ ድንጋዩ ይብሳል። ውሻ ይለቀቅበታል።

ፓርኩ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ሲወጣ በሬዲዮ ሰማን፣ ደስ አለን። ግን እዚያ ለመድረስ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች አገራቸውን ለቀው ደባርቅ እንደሰፈሩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለ ጭላዳው ስታወሩ እነሱንም አስታውሱልኝ።


የቀበና ልጅ

የገበሬ ልጅ፣ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። እኔ በዚያ ቀን መንጋውን ብቻ ነው ያየሁት፣ ማዶ ያለውን ማሳ አላየሁም። ፎቶዎቼን መልሼ ሳይ ከጀርባ የገብስ ክምር አለ። ያኔ ጌጥ ነበር የመሰለኝ።


ሐረሬው

እኔ ትንሽ ልከራከር። እኛ ጋ ጅብ በእጅ ይመገባል። ሰው ሥጋውን እንጨት ላይ አድርጎ በአፉ ይዞ ያበላዋል። ዓመታት አለፉ። ጅቡ ሰው አልበላም፣ ከተማው አልፈረሰም። እንዲያውም ጅብና ሰው እንደኛ የተግባባበት ከተማ የለም። መመገብ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ካላችሁ ሐረርን ምን ልትሏት ነው?


ሐዋሳዬ

ሐረሬው ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሐረር የሚያበላው ሁሉም ሰው ነው? ወይስ የሚያውቃቸው፣ በስም የሚጠራቸው አንድ ሁለት ሰው ነው፣ በታወቀ ቦታ፣ ከመሸ? ሐዋሳ ላይ ያለው ችግር ሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ቦታ መሆኑ ነው።


ሐረሬው

እሱስ ልክ ነሽ። አባትየው ለልጁ ያስተምረዋል፣ ልጁ ሲያድግ ይቀጥላል። እንግዳ ቢሰጥም እሱ አጠገቡ ሆኖ ነው። ደግሞ የእኛ ጅብ በዚያ ሥጋ ብቻ አይኖርም። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከድሮ ጀምሮ አሉ፣ ሌሊት ገብቶ የሥጋ ቤቱን ትርፍራፊ አጽድቶ ይወጣል። አያቴ “ጅብ ሲገባ ሰይጣን ይወጣል” ትል ነበር። እሺ፣ ጅብን ከጭላዳ ጋር ማነፃፀሬን አነሳለሁ። ሳር ለሚበላ፣ ሳሩ አጠገቡ ላለ እንስሳ ብስኩት ምን ያደርግለታል? ምንም።


ነርሷ

በጤና በኩል ጥቂት ልበል፣ ሰው ይጠቀምበት። ዝንጀሮም ሆነ ጦጣ ከነከሰህ ወይም ቧጥጦ ደም ካወጣህ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ እጠበው። 15 ደቂቃ ሙሉ። አጭር አይደለም፣ ሰዓት እያየህ እጠበው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቅ። “ትንሽ ጭረት ናት” ብሎ መተው የለም፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ማዳኛ የለውም። የሐዋሳዬ አክስት ያኔ እንደሄዱ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ እኛም እናስይዛቸዋለን። ጉንፋን ይዞህ መንጋ መሃል አትቀመጥ። ሩዋንዳና ኡጋንዳ ጎሪላ ለማየት የሄደ ሰው 7 ሜትር እንዲርቅ ይነገረው የነበረው በዚህ ነው፣ የሚያስል ሰውም ከጉብኝቱ ይቀራል። የእኛ ጭላዳ ከጎሪላ ይልቅ ከሰው የራቀ ቢሆንም ዘመድ ነው።


ሐዋሳዬ

ነርሷ፣ ሄዳለች። መርፌውን በሙሉ ጨርሳለች። አመሰግናለሁ።


ባለ ካሜራው

ኮሮና የመጣ ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ፣ የታይላንዷን ሎፕቡሪን ቪዲዮ ያየ አለ? ጎብኚ የሚመግባቸው ጦጣዎች ሰው ሲጠፋ አስፋልቱን ሞልተው፣ በመቶዎች ሆነው፣ ለአንዲት ቁራሽ ሲናከሱ። ደባርቄው፣ ያኔ ሰሜን ላይ ምን ሆነ? ሰው አልነበረማ።


ደባርቄው

ምንም አልሆነም።

ያን ጊዜ እኛ ተራብን እንጂ እነሱ አልተራቡም። ሥራ ስለሌለኝ አንዳንድ ቀን በእግሬ ቡይት ራስ ድረስ እወጣ ነበር፣ ቤት ውስጥ መቀመጡ ከብዶኝ። መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ነፋሱ ብቻ። መንጋው በሰዓቱ ከገደሉ ይወጣል፣ ሳሩን ይነጫል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ቁጭ አልኩ። እንደ ድሮው ዞረውኝ አለፉ። ወደኔ ሮጦ የመጣ የለም፣ ኪሴን ያየ የለም። ከዚያ በኋላም ጦርነት መጣ፣ እንግዳ ሳይኖር ዓመታት አለፉ፣ አሁንም ሥራው እንደ ድሮው አልተመለሰም። ብዙ ጓደኞቼ ሥራውን ትተዋል። እነሱ ግን ሳራቸው ላይ ናቸው። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚኖሩ መሆናቸው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ አጽናንቶኛል።


የመንዝ ሰው

አርፍጄ ነው የመጣሁት። እኛም ጋ፣ ጓሳ ላይ፣ ጭላዳ አለን። ሰው የሚጠብቀው የማኅበረሰብ መሬት ነው፣ ከጥንት ጀምሮ የጓሳ ሳር መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ሥርዓት ነበረው። እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የቀበና ልጅ ከተናገረው ጋር አንድ ነው።

ቀይ ቀበሮ መንጋው መሃል ይገባል። በጠራራ ፀሐይ። ጭላዳዎቹ ውሻ ቢሆን ኖሮ ጩኸታቸው አገር ያናውጥ ነበር። ቀበሮው ግን ቀስ ብሎ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ፣ እየተጎነበሰ በመካከላቸው ይሄዳል፣ ግልገሎቹ አጠገቡ ሲጫወቱ ዓይኑን እንኳ አያነሳም። እነሱም ሳራቸውን ይነጫሉ። አይጥ ነው የሚፈልገው። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ተከታትለው በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው መንጋው መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ያህል ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ነው። አንዴ ግልገል ሊነጥቅ የሞከረ ቀበሮ መንጋው ተነስቶ አባሮታል፣ ከዚያ ወዲያ አላስጠጉትም።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ጠዋት ነው፣ ጉም ገና አልተነሳም። ቀበሮዋ አንዲት ሴት ጭላዳ አጠገብ ቆማ ጆሮዋን ወደ መሬት ቀስራ ታዳምጣለች። ጭላዳዋ ትነጫለች። ሁለት ክንድ ቢሆን ነው በመካከላቸው ያለው። ከዚያ ቀበሮዋ ዘለለች፣ አይጧን ያዘች፣ ዋጠች። ጭላዳዋ እጇን ብቻ ትንሽ ሰበሰበችና ቀጠለች።


የገበሬ ልጅ

ወይ ጉድ። እኛ ጋ ቀበሮ ጥቂት ነው፣ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። የመንዝ ሰው፣ እናንተ ጋ ገብስ ላይ አይመጡም?


የመንዝ ሰው

ይመጣሉ እንጂ። ወንጭፍ እኛም ጋ አለ። ግን ጓሳው ሰፊ ስለሆነና ስለተጠበቀ ሳር ያገኛሉ። ሳር ባለበት ዓመት ማሳ ላይ የሚመጣው ይቀንሳል፣ ሳር በጠፋበት ዓመት ይብሳል። አባቶች የሚሉት እንደዚያ ነው።


የገበሬ ልጅ

ልክ ነው። እኛም ጋ ግጦሹ በከብት ካለቀ በኋላ ነው የሚብሰው። አባቴን ስጠይቀው ይሄንኑ ነው ያለኝ፣ “ሳሩን ብንተውላቸው ገብሱን ይተዉልን ነበር” አለ። ግን ከብቱን የት ይውሰደው?


የልጆች እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ይሄን ሁሉ ለልጄ አነበብኩለት፣ አማርኛው የከበደውን እየተረጎምኩ። አሁን 12 ሊሞላው ነው። ብስኩቱን ያስታውሳል፣ እኔ የረሳ መስሎኝ ነበር። የቀበሮዋን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ስለ የገበሬ ልጅ አባት ሲሰማ ዝም አለ፣ ከዚያ “ገብሱን መልሰው ሰጧቸው?” አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ሰላም ሲሆን እንመለሳለን ብለናል። በየትኛው ወር ብንመጣ ይሻላል? ደግሞ አንድ ጥያቄ ደባርቄውን እንድጠይቅለት አዞኛል። ብስኩቱን የበላው ትንሽዬ ጭላዳ አሁን ምን ሆኗል ይላል።


ደባርቄው

መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ኑ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አለ፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ለሌሊቱ ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ብርዱ አይቻልም። ከመምጣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ እዚህ ካለ ሰው ጠይቁ።

ለልጅሽ እንዲህ በይው። ያኔ ሁለት ሦስት ዓመት ከነበረውና ወንድ ከሆነ፣ በሕይወት ካለ አሁን ሙሉ ሰው ነው። ጎፈሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ደረቱ ቀልቷል። ወይ ሚስት አግኝቷል፣ ወይ ከጎረምሶቹ ጋር ዳር ዳሩን እየዞረ ተራውን ይጠብቃል። ስትመጡ የትኛው እንደሆነ አላውቅላችሁም፣ ግን መንጋው የሚወጣበትን ቦታ አሳያችኋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ከሆንን ከገደሉ አንድ አንድ እያሉ ሲወጡ እናያቸዋለን።